የሳል ሽሮፕ ለታዳጊዎች እንዳይሸጥ የሚገድቡ ሕጎች፦ ለምን ወጡ? ምን ይላሉ? በሸሪዓ ሚዛንስ?



አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ወላጆች ስለ ሳል ሽሮፕ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ኡስታዝ፣ ይሄ ነገር አልኮል አለበት ወይ?» ጠርሙሱን ተቀብዬ በላዩ ያለውን ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ። ከሌለበት «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይዘውት ይሄዳሉ። እኔም ጉዳዩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ለሳምንታት ክፍል ውስጥ ፈዝዞ ሲቀመጥ ከቆየ በኋላ ቦርሳው ውስጥ ሁለት የሽሮፕ ጠርሙስ አየሁ። «ሳል ይዞኝ ነው ቲቸር» አለኝ። አመንኩት። ሲያስል ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ይህን ልብ ያልኩት ልጁ ትምህርቱን ካቋረጠ በኋላ ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወንድምና እህቶች ደግሞ ሌላ ነገር ይነግሩናል። ልጃቸውን ሽሮፕ እንዲገዛ ይልኩታል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። «መታወቂያ አምጣ አሉኝ» ይላል። አንዳንዱ ወላጅ ይቆጣል፤ አንዳንዱም ልጁ በቀለሙ ወይም በስሙ የተናቀ ይመስለዋል። ጉዳዩ ሕግ ነው። ሕጉ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ እንመልከት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዴክስትሮሜቶርፋን ምንድን ነው?

ያለ ሐኪም ማዘዣ በሚሸጡ በርካታ የሳል መድኃኒቶች ውስጥ ያለው ዋና ንጥረ ነገር ዴክስትሮሜቶርፋን ይባላል። በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ1958 ነው። የተፈለገውም ኮዴይንን እንዲተካ ነበር። ኮዴይን ከሞርፊን ቤተሰብ ስለሆነና ሱስ ስለሚያስይዝ፣ ሳልን የሚያስታግስ ነገር ግን የማያደነዝዝ መድኃኒት ይፈለግ ነበር። ዴክስትሮሜቶርፋን በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ይህንኑ ያደርጋል፤ አንጎል ውስጥ ሳልን የሚቀሰቅሰውን ክፍል ያረጋጋል። በማሸጊያው ላይ እንደሚጻፈው አንድ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ120 ሚሊግራም በላይ መውሰድ የለበትም።

ከዚህ መጠን በብዙ እጥፍ ሲወሰድ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ሰመመን ሰጪው ኬታሚን በሚሠራበት የአንጎል ክፍል ላይ መሥራት ይጀምራል። ሰውየው ከራሱ ሰውነት የተለየ ይመስለዋል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ንግግሩ ይጎተታል፤ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል። አሜሪካውያን ወጣቶች ለዚህ ድርጊት የራሳቸው የጓዳ ስም አላቸው፤ ሮቢታሲን ከተባለው ሽሮፕና ኮሪሲዲን ከተባለው ቀይ እንክብል ስም የተወሰደ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ለሞት የሚያደርሰው ደግሞ ሽሮፑ ውስጥ አብሮ ያለው ሌላው መድኃኒት ነው። ብዙዎቹ የጉንፋን ሽሮፖች ፓራሲታሞል አለባቸው (አሜሪካ ውስጥ አሴታሚኖፌን ይሉታል)። ልጁ ዴክስትሮሜቶርፋኑን ፈልጎ ጠርሙሱን ሲጨርስ ጉበትን የሚያጠፋ የፓራሲታሞል መጠን አብሮ ጠጥቷል። የጉበት ጉዳት በመጀመሪያው ቀን ምልክቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ትንሽ ያቅለሸልሸዋል፣ ከዚያ የተሻለው ይመስላል። ቤተሰብ «ዳነ» ብሎ ሲረጋጋ ጉበቱ ይደክማል። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ወጣት ከሆነ ደግሞ ሁለቱ መድኃኒቶች ተጋጭተው ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና የአእምሮ መታወክ ሊያመጡበት ይችላሉ።

የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ

በካሊፎርኒያ የመርዝ መረጃ ማዕከል መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ2006 የታተመ ጥናት ከ1999 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ሆን ተብሎ ከሚደረግ የዴክስትሮሜቶርፋን አጠቃቀም ጋር የተያያዙ ጥሪዎች አሥር እጥፍ መጨመራቸውን አሳየ። ከአራቱ ሦስት ያህሉ ከ9 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የደረሱ ነበሩ። በዚያው ዓመት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ተማሪዎችን በሚጠይቅበት ጥናቱ ላይ የሳል መድኃኒትን ጥያቄ ጨመረ፤ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 6.9 በመቶ ባለፈው ዓመት ለመስከር ብለው መውሰዳቸውን ተናገሩ። ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎችም 4.2 በመቶ። የ8ኛ ክፍል ተማሪ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ካሊፎርኒያ በሴናተር ጆ ሲሚቲያን አቅራቢነት ሕግ አወጣች፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበትን መድኃኒት ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ተከለከለ። ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ግዛት እሷ ናት። ኒው ዮርክ በ2014፣ ቨርጂኒያ በ2015 መጀመሪያ፣ ዋሽንግተን ግዛት በዚያው ዓመት አጋማሽ ተከተሏት። ዛሬ ከ20 በላይ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን የዕድሜ ገደብ የለም፤ በኮንግረስ ረቂቆች በተደጋጋሚ ቢቀርቡም ሕግ አልሆኑም። ስለዚህ አንድ ግዛት ውስጥ የተከለከለው ድልድይ ተሻግሮ በሚገኘው ግዛት ሊፈቀድ ይችላል።

መድኃኒት አምራቾቹ ሕጉን ይቃወማሉ ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል። የአምራቾቹ ማኅበር ደግፎታል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፦ የዕድሜ ገደቡ ካልመጣ የሚመጣው የሐኪም ማዘዣ ነው፤ ማዘዣ ደግሞ ገበያቸውን ይዘጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነገር ላንሳ። አፍንጫ ለሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን መታወቂያ የሚጠየቀው በሌላ ሕግ ነው። እሱ በ2006 የተፈረመ የፌዴራል ሕግ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ሜታምፌታሚን ለተባለው አደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ስለሚውል ከባንኮኒ ጀርባ እንዲቀመጥ፣ ገዢው እንዲመዘገብና መጠኑ እንዲገደብ ያዛል። በዴክስትሮሜቶርፋን ሕጎች ግን መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው፤ የሚታየው ዕድሜ ብቻ ነው።

ሕጉን በተግባር የሚያስፈጽመው ካሸሩ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሲያትልና በካሊፎርኒያ ከተሞች ካሸር ሆነው የሚሠሩ የእኛ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ማሽኑ «ዕድሜ አረጋግጥ» ሲል ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ከፊት ደግሞ የሚያውቁት ጎረቤት ልጅ አለ። «የእገሌ ልጅ ነው፣ እናቱ ልካው ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የእኛ አገር ልማድ ነውና አይፈረድበትም፤ በእኛ ዘንድ ልጅ ይላካል፦ ለዳቦም፣ ለስኳርም፣ ለመድኃኒትም። ነገር ግን የጎረቤቱን ልጅ በይሉኝታ ያሳለፈ ካሸር፣ እናቱ ዘንድ ደውሎ «ልከሽው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ሕጉ ካሸሩ የልጁን ጤና እንዲመረምር አይጠይቀውም፤ ማዘዣ ለሌለው ታዳጊ እንዳይሸጥ ብቻ ነው የሚለው። የላከች እናትም ቅር ሳትሰኝ ራሷ ሄዳ ትግዛ።

ሕጉ ሠርቷል ወይ? የሚሺጋኑ ጥናት ቁጥሩ ከ2006 ወዲህ በግማሽ ገደማ መውረዱን ያሳያል። ነገር ግን መውረድ የጀመረው የመጀመሪያው ሕግ ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ ሙሉ ምስጋናውን ለሕጉ መስጠት ትክክል አይመስለኝም። ወላጆች አወቁ፣ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፣ ልጆቹም ወደ ሌላ ነገር ዞሩ። ደግሞም ልጁ ከመደርደሪያው ሊሰርቅ ይችላል፤ 18 የሞላው ጓደኛውም ይገዛለታል። የዕድሜ ገደብ የሚያስቆመው አሥራ አራት ዓመት የሞላውንና ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሞክር የመጣውን ልጅ ነው። እሱን ማስቆምም ትንሽ ነገር አይደለም።

በሙስሊም አገሮች የታየው

የሳል ሽሮፕ ጉዳይ የአሜሪካ ወጣቶች ቅብጠት ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ፓኪስታን ይመልከት። በ2012 መጨረሻ በላሆር፣ ቀጥሎም በጉጅራንዋላ፣ የሳል ሽሮፕ የጠጡ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሽሮፑን ለመስከር የሚጠጡ ነበሩ። ሲመረመር መድኃኒቱ የተሠራበት ዴክስትሮሜቶርፋን በሌቮሜቶርፋን የተበከለ ሆኖ ተገኘ። ሌቮሜቶርፋን የዚያው ሞለኪውል የመስታወት ምስል ነው፤ ግን እንደ ሞርፊን ያለ፣ እስትንፋስን የሚያቆም ኃይለኛ ነገር ነው። በማንኪያ የሚወስድ ሰው ከሚደርሰው ይልቅ ጠርሙሱን በሚጨርሰው ላይ የሚደርሰው እጅግ የከፋ ነበር።

በናይጄሪያ ችግሩ የኮዴይን ሽሮፕ ነበር። የአገሪቱ ሴኔት በካኖና በጂጋዋ ግዛቶች ብቻ በቀን እስከ ሦስት ሚሊዮን ጠርሙስ ይጠጣል ብሎ ገምቶ ነበር። ሁለቱም ግዛቶች ሕዝባቸው በአብዛኛው ሙስሊም የሆነ፣ የሸሪዓ ሕግ የሚሠራባቸውና መጠጥ የሚከለከልባቸው ናቸው። ቢቢሲ ሽሮፑ በጥቁር ገበያ እንዴት እንደሚሸጥ የሚያሳይ የምርመራ ፊልም በ2018 ካወጣ በኋላ መንግሥት የኮዴይን ሽሮፕ እንዳይመረትና እንዳይገባ አገደ። በባንግላዴሽም ከድንበር ማዶ በድብቅ የሚገባው ፌንሲዲል የተባለ የኮዴይን ሽሮፕ ለአሥርተ ዓመታት ወጣቱን አስቸግሯል።

ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ። መጠጥ በሚወገዝበት ማኅበረሰብ ውስጥ ሽሮፕ መደበቂያ ይሆናል። አይሸትም። አያሳፍርም። እናት ጠርሙሱን ብታገኘው «ታሞ ነው» ትላለች። እኛ «አልኮል አለበት ወይ?» ብለን ብቻ ስንጠይቅ ልጁ ይህን ያውቃል፤ የሌለበትን ይመርጣል።

ፈረንሳይ ሁለት ታዳጊዎች ከሞቱባት በኋላ በጁላይ 2017 ከዕድሜ ገደብ አልፋ ሄደች፤ ኮዴይንም ዴክስትሮሜቶርፋንም ያለባቸው መድኃኒቶች ሁሉ ለማንኛውም ሰው በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዲሸጡ አዘዘች።

ኮዴይንና እኛ ኢትዮጵያውያን

ይህን ክፍል በተለይ ወላጆች እንዲያነቡት እለምናለሁ። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉበት ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። ይህን የሚያደርገው ኢንዛይም ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዳንዱ ሰው ኢንዛይሙን የሚያዘጋጀው ጂን ተደጋግሞ ስላለው ኮዴይንን እጅግ በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ይቀይራል። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩ 122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ይህ ተደጋጋሚ ጂን እንዳላቸው አሳየ። በአሜሪካ የኮዴይን መድኃኒት መግለጫ ላይም «ሰሜን አፍሪካውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ዐረቦች» በስም ተጠቅሰው ከ16 እስከ 28 በመቶ ተብሎ ተጽፎ ነበር። በነጮች ዘንድ ከ1 እስከ 10 በመቶ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ልጅ የታዘዘ፣ ትክክለኛ የሚባል የኮዴይን መጠን ለሌላው ልጅ እስትንፋስ የሚያቆም ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ፣ በ2018 ደግሞ ኮዴይን ያለባቸው የሳል መድኃኒቶች ከ18 ዓመት በታች ላሉ ሁሉ እንዳይታዘዙ የወሰነው በዚህና በሱስ አደጋው ምክንያት ነው። ከገልፍ አገሮች ወይም ከአውሮፓ ዘመድ የላከው ሽሮፕ ቤታችሁ ካለ «ኮዴይን» የሚል ቃል መኖሩን አንብቡ፤ በላዩ ያለው ቋንቋ ካልገባችሁ ፋርማሲስት ያንብብላችሁ። ወደ ገልፍ የምትጓዙም አስቡበት፤ ኮዴይን እዚያ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ያለ ፈቃድና ያለ ማዘዣ ይዞ መግባት በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

በፊቅህ ሚዛን

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስካሪ ነገር ሁሉ ከኸምር እንደሚቆጠር፣ በብዛቱ የሚያሰክር ነገርም ጥቂቱ ሐራም መሆኑን አስተምረዋል። ታዲያ ሙሉው ጠርሙስ የሚያሰክር ከሆነ ማንኪያዋስ ሐራም ናት? ተማሪዎቼ ይህን ጠይቀውኛል፤ ጥሩ ጥያቄም ነው።

የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማኦች አስካሪ መጠጥን አእምሮን ከሚያደነዝዙ እንደ በንጅ ካሉ ዕፆች ይለያሉ። የመጠጡ ጠብታም ሐራምና ነጃሳ ነው። የዕፁ ግን አእምሮን የሚነካው መጠን ሐራም ሲሆን፣ አእምሮን የማይነካውና ለሕክምና የሚያስፈልገው ጥቂቱ ይፈቀዳል፤ ኢማም አን-ነወዊይም ይህን ጽፈዋል። ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚይም አእምሮን ስለሚነኩ ዕፆች በስፋት ጽፈዋል። ስለ ጫትም ለብቻው ሪሳላ ያላቸው እኚሁ ዓሊም ናቸው፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለሐበሻ እንግዳ አይደለም። ዴክስትሮሜቶርፋን በዱቄት የሚመረት፣ በውሃና በስኳር የሚበጠበጥ መድኃኒት ስለሆነ ወደ ሁለተኛው ክፍል የሚጠጋ ይመስለኛል። በታዘዘው መጠን ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው፤ ለመስከር ሲወሰድ ግን ስሙ መድኃኒት ቢሆንም ብያኔው የአስካሪ ብያኔ ነው። ይህ የእኔ አረዳድ እንጂ ፈትዋ አይደለም፤ የአካባቢያችሁን ዑለማኦች ጠይቁ።

ስለ ሻጩስ? ወይን ለሚጠምቅ ሰው የወይን ፍሬ መሸጥ ዑለማኦች የተከራከሩበት የቆየ መስአላ ነው። አቡ ሐኒፋ ኃጢአቱ በጠማቂው ሥራ ላይ እንጂ በፍሬው ላይ አይደለም ብለው ሲፈቅዱ፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ጠልተውታል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሻጩ ገዢው እንደሚጠምቀው ካወቀ ሐራም፣ ከተጠራጠረ መክሩህ ነው። ፋርማሲ ያላችሁ ወንድሞች ይህን መስአላ ብታዩት መልካም ነው። በአንድ ሳምንት ሦስተኛ ጠርሙስ የሚገዛ ጤነኛ ወጣት ፊታችሁ ሲቆም ጥርጣሬ አለ ወይስ የለም? መልሱን እናንተ ታውቃላችሁ።

ሌላም ነጥብ አለ። በሻፊዒይ መዝሀብ ያልደረሰ ልጅ የሚያደርገው ግብይት ወሊዩ ቢፈቅድለትም እንኳ አይጸናም፤ ሌሎቹ መዝሀቦች የለየ ልጅ በወሊዩ ፈቃድ መግዛት ይችላል ይላሉ። ከሁሉም አንጻር የወሊዩ እጅ አለበት። 18 ዓመት የሚለው ግን የሸሪዓ ወሰን አይደለም። የ16 ዓመት ልጅ በሸሪዓ ሙከለፍ ነው፤ ሕጉ አልሸጥልህም ቢለውም ባይለውም ራሱ አላህ ፊት ይጠየቃል። ለልጆቻችን ይህን በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የተፈቀደን ነገር መገደቡ ደግሞ በፊቅህ የታወቀ በር ነው።

በአገራችንና በቤታችን

በኢትዮጵያ የመድኃኒት ቁጥጥር በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይመራል፤ ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ ነው የሚወጡት። ቀሪው በአብዛኛው በባንኮኒው ጀርባ ባለው ባለሙያ ሕሊና ላይ ያረፈ ነው። በእኛ አገር ልጅ ወደ ፋርማሲ መላክ ስለማይቀር፣ ወላጅ የመድኃኒቱን ስም፣ ለማን እንደሆነና ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ቢልክ ለፋርማሲስቱ ትልቅ እገዛ ነው። ወረቀት የሌለው ልጅ ሲመጣ ደግሞ ፋርማሲስቱ ቢመልሰው አትቆጡት።

ቤት ውስጥ ያለውን ቁጠሩ። ስንት ጠርሙስ አለ? የትኛው ተከፍቷል? ባዶ ጠርሙስ በአልጋ ሥር፣ በቦርሳ፣ በመታጠቢያ ቤት መገኘቱ፣ ሳል ሳይኖር የሽሮፕ ጣፋጭ ሽታ መሽተቱ፣ ልጁ መፍዘዙና ሲራመድ መንገዳገዱ ሊታለፉ አይገባም። ለተራ ሳል ሽሮፕ ራሱ ብዙም እንደማይረዳ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ማሸጊያው ላይ ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ተጽፏል። አንድ ዓመት ላለፈው ልጅ በመኝታ ሰዓት ማንኪያ ማር መስጠት ሳልን ያስታግሳል፤ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል ለሰዎች ፈውስ እንዳለበት የነገረንን ማር። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ በሽታ ሊያስከትልበት ይችላል።

ልጃችሁ ብዙ ሽሮፕ መጠጣቱን ካወቃችሁ ቁጣውን ለነገ አቆዩት። ጠርሙሱን ያዙ፤ ውስጡ ፓራሲታሞል መኖሩን ሐኪሙ ማወቅ አለበት፤ መከላከያው መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ከጠጣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዓታት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ልጁ ደህና ቢመስልም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። አሜሪካ የምትኖሩ የመርዝ መረጃ ማዕከልን በ1-800-222-1222 ቀንም ሌሊትም በነፃ ማግኘት ትችላላችሁ፤ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን በቀጥታ 911 ደውሉ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።